265/65 ወይስ 285/70? ለፕራዶና ለሃይሉክስ ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት

የቡና ለቀማው ሲቃረብ ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ለሊሙ መንገድ ትልቁን ጎማ ላስገባ እንዴ?» መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ አታስገቡ። ፋብሪካው ያዘዘውን ቁጥር ግዙ፣ ግን ጥርሱ ለጭቃም ለአስፋልትም የሚሆነውን፣ ነጋዴዎቹ ኤቲ የሚሉትን። ከጭቃ የሚያወጣችሁ የጎማው ጥርስ ነው። ቁመቱ በአብዛኛው ወጪ ይጨምራል፤ አንዳንዴ ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት።

ባለ 17 ቸርኬ ፕራዶና ሃይሉክስ ላይ በብዛት የሚገኘው 265/65 ነው፤ 265 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር፣ 65 ደግሞ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ ነው። የእናንተን ለማወቅ የሹፌሩን በር ከፍታችሁ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። ጅማ ውስጥ መርካቶም ሆነ ፈረንጅ አራዳ ስትጠይቁ «ከፍ የሚያደርግ» ተብለው የሚቀርቡላችሁ 265/70 እና 285/70 ናቸው። 265/65 ቁመቱ 776 ሚሊሜትር ነው፣ 265/70 803፣ 285/70 ደግሞ 831። መኪናው ከመሬት የሚነሳው ግን የልዩነቱን ግማሽ ብቻ ነው፤ ግማሹ ከላይ ወደ ፓራፋንጎው ይሄዳል። ስለዚህ አንዱ 1.3 ሳንቲሜትር፣ ሌላው 2.7 ሳንቲሜትር ያነሳችኋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ብሩ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ መወሰን ከጀመረ ማለት ነው፣ ጠዋት የነገራችሁን ዋጋ ማታ የማይደግም ነጋዴ ብዙ ነው። ስለዚህ የቁርጥ ዋጋ አልጽፍም። ለሒሳብ እንዲመች 265/65ን 20,000 ብር፣ 265/70ን 22,000፣ 285/70ን 28,000 እንበለው፤ እናንተ የሰማችሁትን ተክታችሁ አስሉ። ሰው ሁሉ በአራት አባዝቶ ይሄዳል፣ ስኮርታውን፣ ትርፍ ጎማውን ማለት ነው፣ ይረሳል። በአምስት ነው የሚባዛው፤ 100,000፣ 110,000፣ 140,000። ለ285ቱ የምትጨምሩት 40,000 ብር ለ2.7 ሳንቲሜትር ሲካፈል እያንዳንዷ ሳንቲሜትር 15,000 ብር ገደማ ወጣባት። እዚህ ላይ የፓራፋንጎውን ውስጠኛ ፕላስቲክ ማስቆረጫውን፣ ባላንሱን፣ አላይመንቱንና ለከባዱ ጎማ የሚጨመረውን ነዳጅ አላስገባሁም። ስኮርታው ከታች ያለው ቦታው አልበቃው ብሎ ጭነት ላይ የሚጥሉትንም አይቻለሁ።

«መብራት ያበራል ወይ?» ለሚለው፣ ጎማው ትልቅ ስለሆነ ብቻ ብዙውን ጊዜ አያበራም። ኤቢኤስ፣ ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ማለት ነው፣ የሚሠራው የአራቱን ጎማ ፍጥነት እርስ በርስ እያነጻጸረ ነው። አራቱም እኩል ከተለቁ እኩል ይዘገያሉ፣ ኮምፒውተሩም የሚጠረጥረው ነገር የለም። ችግሩ የሚመጣው ሁለት ሁለት ሲገዛ ነው።

የአክስቴ ልጅ ፕራዶ ላይ የሆነው ይኸው ነበር። ብር አጠረውና ከኋላ ሁለት አዲስ 265/70 አስገባ፣ ከፊት ያረጁት 265/65 ቀሩ። ወደ አጋሮ ሲወጣ የኤቢኤስና የቪኤስሲ (መኪናው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረው) መብራቶች ተያይዘው በሩ። አንድ ጋራዥ ኮምፒውተር አድርጎ «የፊት ሴንሰር ነው» አለውና ሴንሰር ሸጠለት፤ መብራቱ ግን ተመልሶ በራ። በጠመኔ ጎማው ላይ ምልክት አድርገን፣ መኪናውን አንድ ሙሉ ዙር ገፍተን በሜትር ለካነው። የፊቱ 2.33 ሜትር ሄደ፣ የኋላው 2.45። በየዙሩ 12 ሳንቲሜትር! ኮምፒውተሩ የፊቶቹን ፈጥነው ሲዞሩ ሲያይ መኪናው እየተንሸራተተ ነው ብሎ ያስባል። ሴንሰሩ ደህና ነበር። ያ ሁሉ ብር የሄደው የአምስት ብር ጠመኔ ለሚፈታው ነገር ነው። ፕራዶ ደግሞ አራቱም ጎማ ሁልጊዜ የሚገፋ ስለሆነ ልዩነቱን መሀል ያለው ዲፈረንሻል ያለ እረፍት ይሸከመዋል፤ እሱ ከተበላ የምትከፍሉት የአምስት ጎማ ዋጋ ብቻ አይደለም። ሃይሉክስ ያላችሁም ጎማ አዘበራርቃችሁ ፎር ዊል እንዳታስገቡ።

285ቱ ላይ የማየው ሌላ መብራት አለ፤ እሱ እውነተኛ ብልሽት ነው። መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞር ጎማው የውስጡን ፕላስቲክ ይልሳል። ደረቅ መንገድ ላይ ድምፅ ብቻ ነው። የእኛ ቀይ ጭቃ ፓራፋንጎው ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ግን የቀረችውን ክፍተት ይሞላታል፣ በዚያ የሚያልፈው የኤቢኤስ ሽቦም እየተፋተገ ይበጠሳል። ሽቦውን ቀጥሎ በፕላስተር የሚጠቀልል ኤሌክትሪሺያን ሞልቷል። ጥገናው ግን ክረምት አይሻገርም።

ከአሜሪካ የመጣ ራቭ ፎር የያዛችሁ ለብቻችሁ አንብቡ። አሜሪካ ከ2008 ሞዴል ጀምሮ የጎማ አየር መቆጣጠሪያ ግዴታ ነው፤ ሴንሰሩ ያለው ቸርኬው ውስጥ፣ ከቫልቮላው ጋር ነው። ጎሚስታው ብረቱን እሱ ባለበት በኩል ካስገባ ይሰብረዋል። መብራቱን ለመለየት ቀላል ነው፤ እንደበራ ቀጥ ብሎ ከቆየ አየር ጎድሏል፣ አንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብሎ ከዚያ ከቆመ ሴንሰሩ ሞቷል ወይም መኪናው አያውቀውም። ርካሹን ሴንሰር የገዛ ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ ደግሞ አለ። የአሜሪካው መኪና በብዛት የሚሰማው በ315 ሜጋኸርዝ ሲሆን ገበያው ላይ የአውሮፓው 433ም ይሸጣል። መልካቸው አንድ ነው፣ ቫልቮላውም ይገጥማል፣ መኪናው ግን መቼም አይሰማውም። ትክክለኛውም ቢሆን ቁጥሩ በመሣሪያ ካልተመዘገበ ዋጋ የለውም። መዝጋቢ ሳታገኙ ሴንሰር አትግዙ።

ፍጥነት ቆጣሪውን በአጭሩ ልበለው። 265/70 ሲገባ 100 ብሎ የሚያሳየው 103 ተኩል ያህል ነው፣ በ285 ደግሞ 107። ፋብሪካው ከመጀመሪያው ቆጣሪውን ትንሽ አብዝቶ እንዲያሳይ ስለሚሠራው የ265/70ው ልዩነት እዚያው ይዋጣል። የ285ቱ አይዋጥም፤ የጊቤን ቁልቁለት ስትወርዱ አስቡት። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ያሳንሳል። በየ5,000 ዘይት የምትቀይሩ ከሆነ በ285 የምትቀይሩት በ5,350 ነው።

የሚያናድደኝ ግን የገበያው ጉዳይ ነው። ትልቁ ቁጥር «ርካሽ ተገኘ» ከተባለ ጎኑን ዳብሱት። ዶት (DOT) ከሚለው መስመር መጨረሻ አራት አኃዝ አለ፤ 2219 ካለ በፈረንጆቹ 2019 በ22ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ዘይት ተቀብቶ የሚያብረቀርቅ፣ ዕድሜው ግን ከመኪናችሁ የማይተናነስ ጎማ «አዲስ» ተብሎ ይሸጣል። ቁጥሩ በአንድ በኩል ብቻ ሊሆን ስለሚችል ጎማውን አስገልብጡት። ሲገላብጥ የሚያጉረመርም ሻጭ ካጋጠማችሁ ሂዱ። ያለቀ ጥርስ በጋለ ብረት ተቆፍሮ የሚሸጥም አለ፤ በጥርሶቹ መሀል የማለቂያ ምልክት የሆኑት ትናንሽ ጉብታዎች ተቆርጠው ከሆነ እጃችሁን አንሱ። ፋብሪካ የቆፈረው ሁሉም ቦታ እኩል ጥልቀት አለው፣ በእጅ የተቆፈረው አንዱ ጋ ጠልቆ ሌላው ጋ ይሳሳል፤ ጣታችሁ ይነግራችኋል።

265/70ን ለማን እፈቅዳለሁ? በጌራና በጎማ ወረዳዎች ገጠር ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ለሚመላለስ፣ አምስቱንም አንድ ላይ ለሚገዛ፣ ከሥር ድንጋይ የሚነካው ሰው። 285ን ለማንም። አዲስ አበባ ለመመላለስ የሚይዝ ሰው ከሁለቱም ይራቅ።

ጎሚስታ ጋ ስትሄዱ ሞተሩን አስነስታችሁ ዳሽቦርዱን ፎቶ አንሱት፣ ጎሚስታው እያየ። «ከመምጣትህም በርቶ ነበር» የሚባለው ክርክር እዚያው ያልቃል። ጎማው ከገባ በኋላ እስከ አጂፕ ሰፈር ነድታችሁ ተመለሱና ፎቶውን ከዳሽቦርዱ ጋር አስተያዩት፤ ሒሳቡን ከዚያ በኋላ ክፈሉ።