በ43 ዓመቴ ጡረታ ልጠይቅ ሄጄ ያየሁት መስተንግዶ (ከ5 ኮከብ 2)

ኮከቡን ቀድሜ ልናገር፣ ሁለት ነው የምሰጠው። አንዱ መዝገብ ቤት ላለችው ልጅ፣ አንዱ በር ላይ ላሉት ጥበቃ። ቢሮው የትኛው እንደሆነ ይቆየን፣ እዚሁ ጎጃም ውስጥ ነው፣ ሰሞኑን ተመልሼ ስለምሄድበት ፀብ አልፈልግም።

ዱቄት ፋብሪካ 14 ዓመት ሰርቻለሁ፣ መጀመሪያ ጭነት ላይ ከዛ ማሽን ላይ። የዛን ቀን ጫኞቹ ጎድለው ነበርና አንተም ግባ ተባልኩ፣ ገባሁ፣ ኩንታሉ ከትከሻዬ ሊያመልጥ ሲል እይዘዋለሁ ብዬ ዞር ስል ወገቤ ቋ አለ። ማታ ሚስቴ በቅቤ አሸችኝ፣ ጠዋት ደግሞ እንደ ጅል ስራ ገባሁ። ለፎርማኑ ትንሽ አሞኛል ከማለት በቀር አንዲት ወረቀት አላስፃፍኩም። ስንት ወር በማስታገሻ ቆይቼ ባህር ዳር ኤምአርአይ ስነሳ ዲስክ ተንሸራቶ ነርቭ ተጭኗል፣ ከባድ ስራ አይቻልም ተባልኩ። ድርጅቱም ሌላ ቀላል ስራ የለኝም ብሎ አሰናበተኝ።

እኔ ጡረታ የሚባለው 60 ሲሞላ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከደሞዛችን በየወሩ የሚቆረጠው 7 ፐርሰንትና ድርጅቱ የሚጨምረው 11 ለዚህም ነው። በአዋጅ 1268/2014 መሰረት የግል ድርጅት ሰራተኛ 10 ዓመት አገልግሎ በጤና ምክንያት መስራት ካልቻለ እድሜ ሳይጠብቅ እድሜ ልክ አበል አለው። ከ10 ዓመት በታች ከሆነ ግን ዳረጎት ነው፣ አንዴ ይሰጡሃል አለቀ።

እሺ ፎልደሬን ይዤ ከቡሬ ተነሳሁ። ወገቤ ከኋላ ወንበር ስለማይችል ሁሌ ጋቢና ነው የምይዘው። መጀመሪያ ቀን የመለሱኝ በምን መሰላችሁ፣ የአባቴ ስም መታወቂያዬ ላይ ኃይሉ፣ ጡረታ ቅፁ ላይ ሀይሉ ስለሚል! አንድ ሰው መሆኑን ከቀበሌ አፅፈህ ና ተባልኩ። ለአንዲት ሀ ደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ ቀበሌ ደግሞ ማህተም ያዡ ስብሰባ ላይ ናቸው። ሳምንት ሄደ።

ሁለተኛው ቀን ወረፋው እስከ በሩ ነበር፣ ወንበሮቹ ሞልተዋል፣ ግድግዳ ተደግፌ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እግሬ ስቆም ጥበቃው አይተውኝ የራሳቸውን ወንበር ይዘው መጡና "ተቀመጥ ልጄ፣ እኔ እንደሁ ቆሜ ነው የምውል" አሉኝ። እንባዬ መጣ ብል አልዋሽም።

ከዛ ሪፈራል ሆስፒታል የሕክምና ቦርድ። ቀጠሮው ሁለት ወር ፈጀ፣ ምርመራው አምስት ደቂቃ አልሞላም። ጎንበስ በል፣ እግርህን አንሳ፣ ያማል? ያማል። ውጤቱ በታሸገ ፖስታ ነው የሚሄደው፣ ለራሴ ወገብ እኔ አላየውም ማለት ነው፣ ይሁን።

ሁለተኛው ኮከብ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ቀና ብሎ ሳያየኝ "በህመም" ብሎ ሞላው። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ግን ፋይሌን ስትፈልግ አነበበችውና "አያ፣ ይሄ እኮ ስራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው፣ የአደጋ ሪፖርቱ የታለ?" አለችኝ። የለም አልኳት። ቁጭ አድርጋ አሰላችልኝ፣ በህመም ከሆነ ለ10 ዓመቱ 30 ፐርሰንት፣ ከዛ በላይ ላለው በየዓመቱ 1.25፣ የኔ 14 ዓመት 35 ፐርሰንት ይመጣል፣ እሱም የመጨረሻው 3 ዓመት ደሞዝ አማካይ ላይ ነው። 8 ሺ ብር ቢሆን 2,800 ማለት ነው። በስራ ላይ ጉዳት ከስራ ከወጣህ ግን ከጉዳቱ በፊት በነበረው ወር ደሞዝ 47 ፐርሰንት፣ በዛው 8 ሺ 3,760፣ 10 ዓመት አገልግል ምናምንም የለበትም። በየወሩ የ960 ብር ልዩነት፣ በአንድ ወረቀት! ያውም ስጎዳ አስር ሰው አይቶኛል።

ስለዚህ ፋብሪካም ኮንስትራክሽንም ያላችሁ፣ ከወደቃችሁ ያኑ ቀን አስመዝግቡ፣ ክሊኒክ ሂዱና ካርዳችሁ ላይ ስራ ቦታ መሆኑ ይፃፍ፣ ኮፒውን ቤት አስቀምጡ። ፎርማን ቢቆጣ ይቆጣ። እኔ አሁን ድርጅቱን ሪፖርት ፃፍልኝ ስለው የዛን ጊዜ ምን አልክ ይለኛል፣ እውነቱን ነው ምንም አላልኩም።

ልጅቷ ቢያንስ ምስክር አምጣና ማመልከቻ አስገባ ብላኛለች። ኩንታሉን አብሮኝ ሲያነሳ የነበረው ልጅ ዳንግላ ገብቷል፣ ደውዬለት ሐሙስ መጥቼ እፈርማለሁ ብሏል። ለሱም ለኔም ጋቢና ይዣለሁ።