ኤግ ደሴት፦ 5 ኪሎዋት ይበቃል ወይ?

ስኮትላንድ ያላችሁ፣ ለእረፍት ራቅ ያለ ቦታ ከፈለጋችሁ ኤግ ደሴትን ሞክሩ። ከማሌግ ወደብ በጀልባ ነው፤ እንግዳ መኪናውን ይዞ አይገባም። እኔ ማውራት የፈለግሁት ግን ስለ መብራቷ ነው።

ነዋሪዎቹ መቶ ምናምን ቢሆኑ ነው። በፈረንጆቹ 1997 ከአጋሮች ጋር ማኅበር አቋቁመው ደሴቲቱን ገዙ። በ2008 ደግሞ በውሃ፣ በነፋስና በፀሐይ የሚሠራ የራሳቸውን መብራት ዘረጉ። ድሮ በየቤቱ ጄኔሬተር ነበር የሚጮኸው። አሁን አንድ ቤት በአንድ ጊዜ ከ5 ኪሎዋት በላይ አይወስድም፤ ካለፈ ይቆረጣል። ለሁሉም እኩል እንዲደርስ ነው።

እኔ ወዲያው የታየኝ ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ለብቻው ሦስት ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይበላል። እንጀራ እየጋገሩ ውሃ ማፍያ መሰካት የለም በቃ! ያረፍኩበት ቤት ውስጥ ፍጆታውን የምታሳይ ቆጣሪ አለች። ሻይ ሳፈላ ዓይኔ እሷ ላይ ነበር። መብራት ግን አንዴም አልሄደም። የሚጠግኑትም የሠለጠኑ የደሴቷ ሰዎች ናቸው። ደውላችሁ «እየመጣን ነው» እየተባላችሁ አትውሉም።

ቅሬታዬ ጀልባው ላይ ነው፤ ባሕሩ ከተናወጠ ይቀራል። የአንድ ቀን ስንቅ ደርባችሁ ያዙ።