ጠባሴ ያለችው ብየዳ ቤት፦ የሮቶ ማስቀመጫ ለምታሠሩ

ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ ያለች ብየዳ ቤት ናት። ታፔላ የላትም። ቆርቆሮ በሯ ላይ በቀይ ቀለም «ብየዳ» ተብሎ ተጽፏል፣ በቃ። የእናቴን የውሃ ሮቶ ማስቀመጫ እዚያ ካሠራሁ አራት ወር ስላለፈው አሁን አፌን ሞልቼ ብናገር አላፍርም።

መጀመሪያ ሌላ ቦታ ነበር ያሠራነው፣ የትነቱ ይቅር። ባለ 1000 ሊትሩ ሮቶ ሲሞላ ከሥሩ የተጋደሙት ሁለት ብረቶች መሀላቸው ረገበ። ውሃው ሲያልቅ ትንሽ ቀና አሉ እንጂ እንደ ድሯቸው አልተመለሱም። ብረት እስከ አንድ ልክ ድረስ ቢጎብጥ ጭነቱ ሲነሳለት ይመለሳል፣ ልኩን ካለፈ ግን እንደጎበጠ ይቀራል። እኔ ሜካኒካል ነው የተማርኩት። እናቴ «ታዲያ ምን ስትማር ነበር?» አለችኝ። ምን ልመልስ?

የአሁኑን ባለሙያ ጋሼ ነው የምላቸው። ስለ ዋጋ ከማውራታቸው በፊት «ስንት ሊትር ነው? ቁመቱስ?» አሉኝ። ከዚያ ሙሉውን 6 ሜትር 80 በ40 ሚሊ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ጫፍና ጫፉን ድንጋይ ላይ በሰፊ ጎኑ አጋደሙና ረዳታቸውን መሀሉ ላይ አስቀመጡት። ስንዝር ሊሞላ ምንም አልቀረው፣ ረገበ። በጠባቡ ጎኑ አቁመው ደገሙት፤ አሁን አራት ጣት እንኳን አልወረደም። ያው ብረት፣ ያው ኪሎ፣ ግን ሲቆም የሚረግበው የመጀመሪያውን ሲሶ ያህል ነው። እኔ ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ (የብረቱ ቅርጽ መጉበጥን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚነግር ስሌት) እያልኩ ለፈተና የሸመደድኩትን ጋሼ በረዳታቸው መቀመጫ ለኩት።

እግሮቹ ላይ ተከራከርን፤ ጋሼ እግሮቹን እርስ በርስ የሚያያይዝ ማሰሪያ ይግባ አሉ። አንድ ቶን ለአራት እግር 250 ኪሎ ነው። ውፍረቱ 2 ሚሊ የሆነ 40 በ40 ቱቦላሬ ላይ 8 ሜጋፓስካል (የጫና መለኪያ ነው) ገደማ ይመጣል፣ ተራ ብረት እጁን የሚሰጠው ደግሞ 240 አካባቢ ነው። ስለዚህ ማሰሪያው ትርፍ ወጪ ነው አልኩ። «እግር ተጨፍልቆ አይወድቅም ልጄ፣ ወገቡ ወጥቶ ነው የሚወድቅ» አሉኝ። አፈርኩ! የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን በቀመር ያስቀመጠው ይኼንኑ ነው፤ የቀጭን ምሰሶ ቁመት እጥፍ ሲሆን የሚችለው ጭነት ወደ ሩብ ይወርዳል። አግድምና ሰያፍ ማሰሪያ አስገቡበት፣ 1800 ብር ጨመረብኝ፣ ከፈልኩ።

ሮቶው ሞልቶ ክር ወጥሬ ለካሁት። 2 ሚሊ እንኳን አልረገበም።

ቀለማቸው ግን አይረባም። የብየዳውን ቅርፊት በደንብ ሳያራግፉ አንዴ አንቲረስት ላፍ አድርገው ሰጡኝ፣ ክረምቱ ሳይወጣ መገጣጠሚያው ላይ ዝገት ብቅ አለ። ፍቄ ራሴ ደግሜ ቀባሁት። እናንተ እዚያው ቆማችሁ አስፍቁ፣ ሁለት እጅ አስቀቡ። ቀጠሮም ሦስት ጊዜ አመላልሰውኛል፣ ያውም በዚያ ብርድ፣ በጠዋቱ። «ሐሙስ» ካሏችሁ የሚቀጥለው ሐሙስ ነው።