በተፋቀ ሳንቲም ላይ ዓመቱን ማንበብ፦ የጎን ብርሃን ወይስ ኬሚካል?

የጎን ብርሃን ሳንቲሙን አይጎዳውም፤ ኬሚካል ግን መልኩን ለዘለቄታው ይለውጠዋል። ስለዚህ ሁልጊዜ በብርሃን ጀምሩ።

ክፍሉን አጨልሙና አንድ ትንሽ መብራት ከሳንቲሙ ጎን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ማዕዘን አብሩ። ሁለተኛ መብራት አትጨምሩ፤ አሃዙን የሚያሳየውን ጥላ ያጠፋዋል። በ10 እጥፍ ማጉያ መነጽር እያያችሁ ሳንቲሙን በዝግታ አዙሩት። አንዱ አሃዝ ከግራ በመጣ ብርሃን ጎልቶ ሲወጣ፣ ሌላው ከሳንቲሙ አናት በኩል ሲመጣ ብቻ ሊታይ ይችላል። በየ45 ዲግሪው ፎቶ አንሱ፤ ከአንድ በላይ በሆነ ፎቶ ላይ ያልታየ መስመር ተራ ጭረት ሊሆን ስለሚችል አትመኑት።

ፌሪክ ክሎራይድ የተባለው ብረት የሚበላ ኬሚካል በዋናነት የሚጠቅመው እንደ አሜሪካው ባለ 5 ሴንት ሳንቲም፣ ቡፋሎ ኒኬል (እ.ኤ.አ. 1913–1938)፣ 75% መዳብና 25% ኒኬል ለሆኑ ሳንቲሞች ነው። ሳንቲሙ ሲመታ ከአሃዙ ሥር ያለው ብረት በተለየ መጠን ይጠቀጠቃል፤ አሃዙ ቢፋቅም ኬሚካሉ ያንን ቦታ ከዙሪያው በተለየ ፍጥነት ይበላዋል። ጓንት አድርጋችሁ አንድ ጠብታ በዓመቱ ቦታ ላይ ብቻ አኑሩ፤ አሃዙ ብቅ እንዳለ ወዲያው በውኃ እጠቡ። ከዘገያችሁ አሃዙም አብሮ ይበላል። የሚቀረው ሻካራ እድፍ አይለቅም፤ ሰብሳቢዎችም ሳንቲሙን እንደተጎዳ ይቆጥሩታል።

ጠብታውን ከማኖራችሁ በፊት ግን የቡፋሎ ኒኬሉን ጀርባ እዩ፦ በላዩ ያለው ጎሽ የቆመው ጉብታ ላይ ከሆነ ዓመቱ 1913 ነው፤ ያ ንድፍ የተመታው በዚያ ዓመት ብቻ ስለሆነ ኬሚካል አያስፈልግም።