ከሐረር እስከ አለማያ ግቢ፦ በሄንሪ ቤኔት ሕይወት ላይ የተዘጋጀ የግማሽ ቀን ጉብኝት

ባለፈው ወር ከሦስት የአለማያ ምሩቃን ጋር ሆኜ፣ ከሐረር ተነስቶ በአወዳይ በኩል የሐረማያ ዩኒቨርሲቲን (የቀድሞውን አለማያ) ግቢ የሚያሳይ የግማሽ ቀን ጉብኝት ሄጄ ነበር። ጉብኝቱን ከሌሎች የሚለየው የጀጎልን በሮችና የጅብ ምገባውን ትቶ የአንድን የዩኒቨርሲቲ መሪ፣ ማለትም አለማያ የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም የረዳው የአሜሪካው የኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩትን የሄንሪ ቤኔትን የሥራ ዘመን መከተሉ ነው። ሂሳቡ መኪናውንም ገለጻውንም ያጠቃለለ በመሆኑ ለአራት ስንካፈለው አልከበደንም፤ መኪናውም በተባለው ሰዓት ደርሷል።

አስጎብኚው ወጣት ቢሆንም የተዘጋጀበት መሆኑ ያስታውቃል። ግቢው ውስጥ መኪናውን ጥላ ሥር አቁሞ፣ ደጋግሞ ከመባዛቱ የተነሣ መስመሩ የደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ኮፈኑ ላይ ዘረጋና ነፋስ እንዳይወስደው በአንዱ ጥግ የውሃ ሃይላንድ አስቀመጠበት። ወረቀቱ የኦክላሆማው ኮሌጅ የሚገኝበት የስቲልዋተር ግቢ ፕላን ነበር። ቤኔት ኮሌጁን የተረከቡት እ.ኤ.አ. በ1928 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ አሜሪካ በከባድ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ብትገባም፣ ገንዘብ በተገኘ ቁጥር ባዶ በተገኘው ቦታ ላይ ሕንፃ ከመትከል ይልቅ እያንዳንዱ ሕንፃ ወደፊት የሚያርፍበትን ስፍራ አስቀድሞ የሚወስን የ25 ዓመት ፕላን አስነድፈዋል። ወጣቱ በእስክሪብቶ ያከበበው መሀል ላይ ያለውን የቤተ መጻሕፍቱን ቦታ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ የተከፈተው በ1953፣ ቤኔት ከሞቱ በኋላ በመሆኑ፣ ሲከፈት አላዩትም።

ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ጋሼ፣ መማሪያ ክፍሉ፣ የከብት እርባታውና የምርምር ማሳው አንድ አጥር ውስጥ የሆኑት ለምን ይመስልዎታል?» ሲል ጠየቀኝ። እዚያው ግቢ ዓመታት ኖሬ ይህን ጥያቄ አንስቼው አላውቅም፤ ጓደኞቼም ዝም አሉ። መልሱ ማስተማርን፣ ምርምርንና ለገበሬው የሚደርስ የኤክስቴንሽን ሥራን አንድ ተቋም ይያዛቸው የሚለው የአሜሪካ የመሬት ስጦታ ኮሌጆች (መንግሥት በሰጠው መሬት ድጋፍ የተቋቋሙ ኮሌጆች) አሠራር ነው። ለእኔ ከጉብኝቱ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ሩብ ሰዓት ነው።

ቅር ያሰኘኝ ነገርም አለ። ገለጻው መስፋፋቱን ሁሉ የአንድ ሰው ሕልም ያደርገዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች መንግሥት የትምህርት ወጪያቸውን ስለሸፈነላቸው በአሜሪካ የኮሌጆችን በር አጨናንቀው ነበር፤ ይህ ባይሆን ኖሮ ፕላኑ ወረቀት ላይ ሊቀር ይችል ነበር። የቤኔት ብልኅነት ተማሪው ሲመጣ ፕላኑ ተዘጋጅቶ መጠበቁ ላይ ይመስለኛል፤ አስጎብኚው ግን ጦርነቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘለለው።

ከዚህ የባሰው ስለ ምረቃው የነገረን ነው። ቤኔት በ1958 የአለማያ ኮሌጅ ሲመረቅ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጎን ቆመው እንደነበር በሙሉ ልብ ተረከልን። ቤኔት ኢትዮጵያ መጥተው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ስለ እርሻ ትምህርት የተነጋገሩት በ1950 ነው፤ በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ትሩማን «ፖይንት ፎር» የተባለውን የቴክኒክ ዕርዳታ እንዲመሩ ሾሟቸው፤ በታኅሣሥ 1951 ግን ቴህራን አጠገብ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ከባለቤታቸው ጋር ሕይወታቸው አለፈ። የኦክላሆማው ኮሌጅ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ውል የገባው በ1952፣ ትምህርቱ መጀመሪያ ከተሰጠበት ከጅማ ወደ አለማያ የተዛወረው ደግሞ በ1956 ነው። እንግዲህ እኛ የቆምንበትን ግቢ ሰውየው አንድም ቀን አላዩትም። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በ1954 ስቲልዋተርን ሲጎበኙ እንኳ ቤኔት በሕይወት አልነበሩም።

ይህንን ሳስረዳው ሳይከራከር ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። ምሳው አወዳይ ላይ ነበር፤ ጥብሱ ጨው በዝቶበታል።

ገለጻው በአማርኛ ስለሆነና ወረቀቱም ስላለ፣ ግቢውን ለሚያውቁ የቀድሞ ተማሪዎች ጉብኝቱን እመክራለሁ፤ ተማሪዎችን ይዞ የሚሄድ መምህር ግን ዓመተ ምሕረቶቹን አስቀድሞ ቢያጣራ ይሻላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የወንድሜ ልጅ ከዚሁ አስጎብኚ ጋር ሄዳ ነበር። የምረቃው ታሪክ ተስተካክሏል፤ አሁን ደግሞ ቤኔት የሞቱት አለማያን ሊመርቁ ሲበርሩ ነው ብሏታል።