የውሻና የድመት የመከላከያ ክትትል በደሴ፦ ክፍያውን ያወጣል ወይ?

በደሴ ጠባቂ ውሻ ያለበት ግቢ ብዙ ነው፤ ውሻውን ሳይታመም ወደ ሐኪም የሚወስድ ባለቤት ግን እምብዛም አይገኝም። ምክንያቱን ለጠየቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ለልጆች መታከሚያ ሳይተርፍ ለውሻ ከየት ይምጣ?» የሚል ነው። ይህ ከጭካኔ የመጣ ሳይሆን የኪስ ጥያቄ ስለሆነ፣ መልሱም ከኪስ መነሳት አለበት ብዬ አምናለሁ። ከተማው ውስጥ የሚገኝ አንድ የግል የእንስሳት ክሊኒክ የሚሰጠውን ዓመታዊ የመከላከያ ክትትል ለአንድ ጠባቂ ውሻና ለአንዲት ድመት ስጠቀምበት ቆይቻለሁ። የክሊኒኩን ስም ትቼ አሠራሩን መግለጽ የመረጥኩት፣ ከዚህ በታች የማነሳቸው መመዘኛዎች ኮምቦልቻም ሆነ ሐይቅ ከተማ ያለን ማንኛውንም ክሊኒክ ለመለካት ስለሚያገለግሉ ነው።

ክትትሉ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትን፣ ፓርቮንና ዲስተምፐርን የተባሉትን ሁለት ገዳይ የውሻ የቫይረስ በሽታዎች አንድ ላይ የሚከላከለውን ጥምር ክትባት፣ የትል መድኃኒትን፣ የመዥገርና የቁንጫ መከላከያን እንዲሁም አጠቃላይ ምርመራን ያካትታል። ሐኪሙ መርፌ ከማንሳቱ በፊት ክብደት ይለካል። ውሻው ሚዛን ላይ ብቻውን አልቆምም ሲል ባለቤቱ አቅፎት እንዲወጣ ያደርግና የባለቤቱን ክብደት ይቀንሳል፤ የትል ኪኒኑንም በኪሎ አስልቶ ይሰጣል። በግምት የተሰጠ መድኃኒት ካነሰ ትሉን ሳይገድል ገንዘብ ይበላል፣ ከበዛ ደግሞ ሌላ ሕክምና ይጠራል። ከክትባቱ በኋላ ብልቃጡ ላይ ያለውን ተለጣፊ ወረቀት ልጦ፣ የምርት መለያ ቁጥሩና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜው እየታየ፣ በውሻው ካርድ ላይ ይለጥፈዋል። ማቀዝቀዣውን ከፍቶ የሙቀት መለኪያውን ለማሳየትም አያቅማማም። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህን ለማሳየት ፈቃደኛ ያልሆነ ክሊኒክ የሚወጋው ነገር ከውሃ የማይሻል ሊሆን ይችላል፣ ባለቤቱ ግን ውሻዬ ተከትቧል ብሎ ተማምኖ ይቀመጣል።

የክትባት ዋጋ ከውጭ ምንዛሬ ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ የዛሬው ቁጥር ለነገ አንባቢ አይጠቅምም፤ ንጽጽሩ ግን ጸንቶ ይቆያል። አንድ ጎረቤቴ በውድ ዋጋ የገዛው የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ ሳይከተብ ቆይቶ ፓርቮ ያዘው። ፓርቮ አንጀትን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው፤ ቡችላው ያስመልሰዋል፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይይዘዋል፣ የሰውነቱ ውሃ ያልቃል። ሕክምናውም በዋነኛነት በደም ሥር ፈሳሽ እየሰጡ፣ ማስመለሱን እያስታገሱና ተደራቢ ኢንፌክሽንን እየተከላከሉ ለቀናት ማቆየት ነው። ጎረቤቴ ለእነዚያ ቀናት ያወጣው ገንዘብ የቡችላ ሙሉ የክትባት ዙር ከሚያስወጣው ብዙ እጥፍ ነበር፤ ቡችላውም አልተረፈም። ሌላ ቡችላ ሊያመጣ ሲነሳ ደግሞ ቫይረሱ በግቢው አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመት ሊቆይ እንደሚችል፣ ተራ ሳሙና እንደማይገድለውና ሲሚንቶውን 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጦ ማጠብ እንዳለበት ተነገረው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። «አንዴ አስከትቤዋለሁ» ማለት አይበቃም፤ ከእናት የሚገኘው የመከላከል አቅም ክትባቱ እንዳይሠራ ሊያግደው ስለሚችል፣ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ተጀምሮ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ እየተደገመ ቢያንስ 16ኛው ሳምንት ላይ መድረስ አለበት። ግማሽ ዙር ከፍሎ ማቆም የከፈሉትንም ማጣት ነው።

ክሊኒኩን ይበልጥ እንዳምነው ያደረገኝ ግን ያልሸጠልኝ ነገር ነው። ውሻዬ የቡችላነት ዙሩንና የአንድ ዓመቱን ማጠናከሪያ ከጨረሰ በኋላ፣ የፓርቮና የዲስተምፐር ክትባት መከላከያው ለዓመታት ስለሚቆይ በየ3 ዓመቱ ቢደገም እንደሚበቃ፣ በየዓመቱ ማስከተብ ያለብኝ የእብድ ውሻ በሽታን እንደሆነ ሐኪሙ ራሱ ነገረኝ። ሁሉንም በየዓመቱ ቢያስከፍለኝ ልከራከረው የምችልበት እውቀት አልነበረኝም።

የእብድ ውሻ በሽታ ሒሳብ የሚገኘው ከውሻው ይልቅ ከሰዉ ላይ ነው። ያልተከተበ ውሻ አንድ ልጅ ቢነክስ፣ ቤተሰቡ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ አለበት፤ ከዚያ በኋላ በሳምንታት ውስጥ የሚወሰዱ ተከታታይ መርፌዎች፣ ቁስሉ ከከፋ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባል ቫይረሱን ወዲያው የሚዋጋ መድኃኒት፣ መመላለሻና ከሥራ የሚቀርበት ቀን ይከተላሉ። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም በሚባል ደረጃ በሽታው ገዳይ ስለሆነ፣ ማንም ወላጅ «እስቲ እንጠብቅ» ሊል አይችልም። ውሻው ሁለት ልጆች ከነከሰ ወጪው ሁለት ጊዜ ነው። በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚመጣ ሲሆን፣ በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው በየጊዜው ሲከተቡ ስርጭቱ ይቋረጣል። ስለዚህ የአንድ ሰፈር ሰዎች ተነጋግረው ውሾቻቸውን በአንድ ቀን ቢያስከትቡ እያንዳንዱ የሚያተርፈው በየግሉ ካስከተበው የበለጠ ነው።

ከሁሉም በላይ ሰው የማያስበው ወጪ ከበዓል እርድ ጋር የተያያዘው ነው። በወሎ ለፋሲካም ለአረፋም በየግቢው በግ ይታረዳል፤ ውሃ የቋጠረ ጉበት ወይም ሳንባ ሲገኝ ተቆርጦ ለውሻ ይጣላል። በዚያ ውሃ ውስጥ የአንድ ጥቃቅን ጠፍጣፋ ትል እጮች አሉ። እጮቹ በውሻው አንጀት ውስጥ በ6 ወይም በ7 ሳምንት አድገው እንቁላል መጣል ይጀምራሉ፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ በሣሩ፣ በጎመኑ፣ በውሻው ፀጉርና በልጆች እጅ ላይ ይቀራል። በግ ከበላው የበጉ ጉበት ይበላሻል፤ ሰው ከዋጠው ደግሞ ያው ውሃ የቋጠረ ከረጢት በጉበቱ ወይም በሳንባው ውስጥ ሳይታወቅ ለዓመታት እያደገ ቆይቶ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይወጣም። የዚያን ቀዶ ሕክምና ወጪ፣ አዲስ አበባ ድረስ ሪፈር ከተባለም መኝታውንና መንገዱን፣ ይህን ትል ከውሻው አንጀት ከሚያጠፋው ከአንድ የፕራዚኳንቴል ኪኒን ዋጋ ጋር ማወዳደር እንኳ ይከብዳል። ሐኪሙ ለአንዲት እናት ሲያስረዳ «እማማ፣ ጉበቱ ውሃ ከቋጠረ ለውሻው አይስጡት፤ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍረው ያስቀብሩት ወይም ያቃጥሉት» ሲላቸው፣ «እኔስ ከሚጣል ብዬ ነበር እኮ ልጄ» አሉት። እሱም ካርዳቸው ላይ የሚቀጥለውን የትል መድኃኒት ቀን ከበዓሉ ጋር አስልቶ ጻፈላቸው። በዚህ አገልግሎት ውስጥ ካየሁት ሁሉ ለቤተሰብ በጀት ከዚህች የካርድ መስመር የበለጠ የሚጠቅም አላገኘሁም።

ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለችና ሞቃታማ በመሆኗ እዚያ ላሉ ባለቤቶች የመዥገር መከላከያው ይበልጥ ያስፈልጋል። ቡናማው የውሻ መዥገር በግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ስለሚጥል፣ ቤት ከገባ በኋላ ማጥፋቱ ከመከላከሉ ይበልጥ ያስወጣል። ድመት ያላቸው ደግሞ ለውሻ የተገዛውን መድኃኒት እንዳያጋሯት አሳስባለሁ፤ በአንዳንዱ ውስጥ ያለው ፐርሜትሪን የሚባል የመዥገርና የቁንጫ ማጥፊያ፣ እንደዚሁም ለሰው የሚሰጠው ፓራሲታሞል፣ ለድመት መርዝ ነው። ማምከን በአንድ ጊዜ የሚከፈል ከበድ ያለ ወጪ ቢሆንም፣ ሴት ውሻን ከማህፀን መግልና ከሚከተለው አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና፣ ባለቤቷንም ማንም የማይወስዳቸውን ቡችሎች ከማሳደግ ያድናል።

ጉድለቱም መነገር አለበት። የድመት ክትባት ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ደውሎ ሳያረጋግጥ የሚሄድ ሰው የመንገዱን ከፍሎ ባዶ እጁን ይመለሳል። በማታ የሚመጣ ሕመምተኛ አይቀበሉም። ካርዱ ላይ ቀን ቢጻፍም ደውሎ የሚያስታውስ ሰው የለም። ትልቅ ጠባቂ ውሻ ይዞ ለመሄድ የባጃጅ አሽከርካሪዎች ብዙዎቹ እምቢ ይላሉ፤ እሺ የሚለውም በኮንትራት ካልሆነ አይጭንም፣ ይህም ከክትባቱ ዋጋ ጋር የሚቀራረብበት ጊዜ አለ። ሐኪሙ ቤት ድረስ ሲመጣ የጉዞ ክፍያ ቢኖረውም ክፍያው በጉዞው እንጂ በውሻ ቁጥር ስላልሆነ፣ የእኛ ሰፈር ሰዎች ተጠራርተን በአንድ ቀን ስናስጠራው ድርሻችን ለአንድ ባጃጅ ከሚከፈለው አነሰ። የዓመቱን ክፍያ በአንድ ጊዜ መጠየቃቸው ግን ደመወዝተኛውን ያርቃል፤ በሦስት ወር በሦስት ወር ቢከፋፍሉት ደንበኛም ክትባትም ይበዛላቸዋል።

ለሙሉው ክትትል አቅም የሌለው ባለቤት ክሊኒኩ አገልግሎቱን በተናጠልም እንደሚሰጥ ማወቅ አለበት። ውሻው ካደገ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትንና ፕራዚኳንቴልን ያስቀድም፤ ቡችላ ከሆነ በእነዚህ ላይ የፓርቮውን ዙር እስከ መጨረሻው ያስጨርስ፤ የመዥገር መከላከያውን በሙቀቱ ወራት ይግዛ፤ ማምከኑን ገንዘብ እስኪጠራቀም ያቆየው።