የድሮ ባክአፕ ኮንፊግ፦ ወዲያው ይጥፋ ወይስ መጀመሪያ ይቁም?

አዲሱ ባክአፕ ሥራ ከጀመረ በኋላ የድሮው ባክአፕ ከነኮንፊጉ (ከነማዋቀሪያ ፋይሉ) ሰርቨሩ ላይ ተረስቶ ይቀራል። ሌሊት ሌሊት እየተነሳ ዲስክ ይሞላል። ለማውጣት ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው በአንዴ ማጥፋት ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ የአፕት (የፕሮግራም መጫኛና ማንሻው) «ሪሙቭ» ትእዛዝ ፕሮግራሙን አንስቶ ኢቲሲ በሚባለው ማህደር ውስጥ ያለውን ኮንፊግ ይተወዋል። «ፐርጅ» ግን እሱንም ይጠርገዋል። ፈጣን ነው። በእጅ የጻፍካቸውን የክሮን (ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳ ፕሮግራም) መስመሮች ግን አይነካም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ የባክአፑ የይለፍ ቃል ነው። ሬስቲክ የሚባለውን የባክአፕ ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው ብዙ ጊዜ ኮንፊጉ አጠገብ በአንዲት ትንሽ ፋይል ያስቀምጠዋል። ያቺ ፋይል ከጠፋችና ሌላ ቦታ ካልተያዘች፣ የዓመታት ቅጂ ዲስኩ ላይ ቁጭ ብሎ አይከፈትም። ማንም አይከፍትልህም።

ሁለተኛው መጀመሪያ ማቆም ነው፤ እኔ የምመርጠውም ይሄንን ነው። ባክአፑን የሚያስነሳው የሲስተምዲ (የሊኑክስ አገልግሎት አስተዳዳሪ) ታይመር ከሆነ «ዲሴብል» የሚለውን ትእዛዝ ስትሰጥ «ናው» (አሁኑኑ) የሚለውን አማራጭ አትርሳ፤ አለዚያ ሰርቨሩ ሪቡት እስኪደረግ ድረስ መሥራቱን ይቀጥላል። ክሮን ዲ በሚባለው የክሮን ማህደር ውስጥ ያለ ፋይል ከሆነ ስሙ መጨረሻ ላይ ነጥብና «ኦፍ» ጨምርበት። ዴቢያን ላይ ክሮን ስሙ ነጥብ ያለበትን ፋይል ያልፈዋል። ሐሳብህን ብትቀይር ስሙን መመለስ ብቻ ነው።

ከዚያ አንድ ወር ጠብቅ፤ በወር አንዴ የሚሠራ ነገር ካለ በዚያ ጊዜ ይታያል። እስከዚያው ከአዲሱ ባክአፕ አንድ ፋይል መልሰህ አውጣና ከፍተህ እየው። የይለፍ ቃሉንም ከሰርቨሩ ውጭ አስቀምጥ። «ፐርጅ» የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ለሙከራ ብቻ የተከፈተ ሰርቨር ከሆነ ግን የመጀመሪያው መንገድ ይበቃል።